የሩቅ ሀገር ድራማ በቂርቆስና በካዛንቺስ ቤቶች

በቂርቆስ አካባቢ በምናስተምርበት ትምህርት ቤት ግቢ በዕረፍት ሰዓት ጆሮውን አቅንቶ የሚሰማ ሰው፥ በአማርኛው ጨዋታ መካከል እንግዳ ቃል ጣልቃ ሲገባ ይሰማል። ልጃገረዶቹ ታላቁን ወንድ ተማሪ «ኦፓ» ይሉታል፤ ስንብታቸው «አኒዮንግ» ነው፤ ነገር ሲያስደንቃቸውም «ዴባክ» ይላሉ። ቃሉ ከየት መጣ ብለን ብንጠይቅ መልሱ አንድ ነው፤ ከኮሪያ ድራማ። ወላጆችም በየጊዜው እየመጡ «መምህር፥ ልጆቻችን በሌሊት ሲያዩት የሚያድሩት ይህ የኮሪያ ነገር ምንድን ነው? ይጎዳቸዋልን ወይስ ይጠቅማቸዋል?» እያሉ ይጠይቁናል። ያላዩትን ነገር ማመስገንም ሆነ መንቀፍ የማይገባ ስለ ሆነ፥ በክረምቱ ዕረፍት ከቤተ ሰባችን ጋራ ተቀምጠን ብዙውን አየን። ካየነውም ውስጥ የወደድነው አለ፤ የጠላነውም አለ።

ነገሩ ወደ ሠፈራችን የገባው በአንድ በር ብቻ አይደለም። ቀደም ባለው ዘመን የእነዚህ ሠፈሮች እናቶች በህንድ ፊልም ያለቅሱ እንደ ነበር የሚያስታውስ ብዙ ሰው አለ፤ የተዋናዮቹን ቋንቋ ሳያውቁ ከዘፈኑና ከእንባው ብቻ ታሪኩን ይከተሉ ነበር። ኋላም በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ሥርጭቱን ጀምሮ የቱርክንና የሌሎችንም ሀገሮች ተከታታይ ድራማ የአማርኛ ድምፅ አልብሶ ባቀረበ ጊዜ፥ ባዕድ ሰው በሳሎናችን ተቀምጦ በአማርኛ ሲያወራ መስማት የተለመደ ሆነ። የሀገራችን የኪነ ጥበብ ባለሙያዎች በዚያን ጊዜ ተቃውሟቸውን በግልጥ አሰምተዋል፤ የሀገር ልጅ ሥራ ይገፋል ብለው ፈርተው ነበርና። ፍርሃታቸውን እኛም አናቃልለውም። ከዚሁ ጋራ በየመንገዱ ዳር ያሉ ፊልም የሚጭኑ ሱቆች የኮሪያውን ድራማ በፍላሽ እየገለበጡ መሸጥ ያዙ። «ትርጉም ፊልም» የሚባለውም አለ፤ በዚህኛው አንድ ተራኪ ብቻውን የወንዱንም የሴቲቱንም፥ የንጉሡንም የአሽከሩንም ቃል እየተረጐመ ያወራል። ይህን አተራረክ የሚንቁ ሰዎች አሉ። እኛ ግን በየኔታ እግር ሥር ተቀምጠን ንባቡን በግእዝ፥ ትርጓሜውን በአማርኛ ከአንድ አፍ እየሰማን ስላደግን አንድ ድምፅ የብዙዎችን ቃል ሲያደርስ መስማቱ አልከበደንም። ዛሬ ደግሞ ልጆቹ ድራማውን በየስልካቸው ከነእንግሊዝኛ ጽሑፉ ያዩታል፤ አያቲቱም አጠገባቸው ተቀምጠው «ምን አለች? ምን አላት?» እያሉ ያስተረጕማሉ።

የኮሪያ ድራማ ከሀገሩ ወጥቶ ዓለምን መዞር የጀመረው በቅርብ ዘመን ነው። (ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በእኛው አቆጣጠር ነው።) በ1989 ዓ.ም. የቻይና ማዕከላዊ ቴሌቪዥን ስለ ኮሪያ ቤተ ሰብ የሚተርክ አንድ ተከታታይ ድራማ ቢያሳይ እጅግ ብዙ ተመልካች አገኘ፤ ጥቂት ቈይቶም የቻይና ጋዜጦች ይህን አዲስ ፍቅር «የኮሪያ ማዕበል» ብለው ሰየሙት፤ ኮሪያውያን በራሳቸው አነጋገር «ሃልዩ» ይሉታል። በ1994 ዓ.ም. «የክረምት ሶናታ» የተባለው ድራማ በኮሪያ ታየ፤ በማግሥቱ ዓመት ወደ ጃፓን ተሻግሮ የጃፓንን እናቶች ልብ ማረከ። በ1996 ዓ.ም. «ዴ ጃንግ ጉም» የተባለው የቤተ መንግሥት ታሪክ በ54 ክፍል ቀርቦ በሀገሩ ከፍ ያለ ዝና ካተረፈ በኋላ በቻይና፥ በኢራንና በሌሎች ብዙ ሀገሮች ታየ። በመስከረም 2014 ዓ.ም. ደግሞ «ስኩዊድ ጌም» በኔትፍሊክስ ወጣ፤ በዓመቱም መሪ ተዋናዩ ሊ ጁንግ ጄና አዘጋጁ ህዋንግ ዶንግ ህዩክ ኤሚ የተባለውን የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሽልማት ተቀበሉ። ይህ የመጨረሻው ዕዳ ያጐበጣቸው ሰዎች በሕፃናት ጨዋታ ሕይወታቸውን የሚወራረዱበት፥ ደም የበዛበት ታሪክ ነው፤ ለልጅ የሚሆን አይደለም።

ኮሪያውያን ይህን ያገኙት በአጋጣሚ ብቻ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. ለፕሬዚዳንታቸው የቀረበ አንድ ዘገባ፥ ስለ ጥንት አራዊት የተሠራ አንድ የአሜሪካ ፊልም ያስገባው ገንዘብ የአንድ ሚሊዮን ተኩል የሀዩንዳይ መኪና ሽያጭ ያህል እንደ ሆነ አመለከተ። በ1990 ዓ.ም. የእስያን ገበያ የመታው የገንዘብ ቀውስ ሀገሪቱን ባናወጠ ጊዜም የፕሬዚዳንት ኪም ዴ ጁንግ መንግሥት በማግሥቱ ዓመት የባህል ኢንዱስትሪን የሚያበረታታ ሕግ አወጣ። አሠራሩም የራሱ ጠባይ አለው። ድራማው ብዙውን ጊዜ በሳምንት ሁለት ቀን እየታየ ከ16 እስከ 20 በሚሆን ክፍል ያልቃል፤ እንደ አንዳንዱ ሀገር ተከታታይ ዓመታት አይጎተትም። የደራሲው ሥልጣን ትልቅ ነው፤ ከደራሲዎቹም የሚበዙት ሴቶች ናቸው። ምጣዱ፥ ማሰሮውና የምራትና የአማት ነገር ከታሪኩ የማይጠፋው አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ታዲያ በእኛ ሠፈር ለምን ሥር ሰደደ? ብዙ ሰው ስለ መልካቸው ማማርና ስለ ልብሳቸው ነው ይላል። ለእኛ ግን ከዚያ የጠለቀ ነገር ያለው ይመስለናል። የኮሪያ ቋንቋ እንደ አማርኛ ግሡን በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ የሚያሳርፍ ነው፤ ከዚህም ይልቅ የሚያቀራርበን አንቱታው ነው። ኮሪያዊ ሰው አፉን ከመክፈቱ በፊት የሚያናግረው ታላቁ ነው ወይስ ታናሹ፥ ባልንጀራው ነው ወይስ እንግዳ ብሎ መለየት አለበት፤ ግሡም በዚያው ልክ ይለዋወጣል። ስለዚህ በድራማው ውስጥ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ብዙ ክፍል ሙሉ በአክብሮት ሲነጋገሩ ይቈዩና፥ አንድ ምሽት አንዱ «ከእንግዲህ አንቱታው ይቅርና አንተ አንቺ እንባባል?» ብሎ ይጠይቃል። እናቶቻችን ባሎቻቸውን አንቱ እያሉ ሲጠሩ የሰማን እኛ የዚህች ጥያቄ ክብደት ወዲያው ይገባናል። በእንግሊዝኛው ጽሑፍ የሚከተል ሰው ግን ምንም አያገኝም፤ በእንግሊዝኛ ንጉሡም፥ አሽከሩም፥ አማቲቱም ሁሉም «ዩ» ናቸውና።

ጉዳቱ ለተርጓሚው ነው። ከእንግሊዝኛው ብቻ እያየ የሚተረጕም ሰው «ዩ» ባለ ቍጥር አንተ ወይስ አንቺ፥ አንቱ ወይስ እርስዎ ብሎ ከራሱ መወሰን ግድ ይሆንበታል። አንድ ምሽት አንዲት ምራት በትርጕሙ አማቷን «አንቺ» ስትል የሰሙ አንዲት የካዛንቺስ አሮጊት፥ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው «ምነው ልጄ፥ ይህቺ አሳዳጊ የላትም እንዴ!» ሲሉ ሰምተናል። ተዋናይቱ ግን በዚያ ሰዓት በራሷ ቋንቋ በታላቅ አክብሮት ነበር የምትናገረው፤ ስድ ያደረጋት ተርጓሚው ነው። ይህን ሥራ የያዙ ወጣቶች የኮሪያውን ግሥ መጨረሻ በጆሮ ለመለየት ጥቂት ቢደክሙ፥ አማርኛ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ለዚህ ድራማ የተመቸ ቋንቋ ሆኖ ያገኙታል። ወላጆችን ስለሚያሳስበው ስለ «ኦፓ»ም አንድ ነገር እናክል። ቃሉ ሴት ልጅ ታላቅ ወንድሟን የምትጠራበት፥ እንደ እኛ «ጋሼ» ያለ ነው። ነገር ግን በዚያ ሀገር ሴቶች የወደዱትንም ሰው በዚሁ ስም ይጠሩታል፤ ስለዚህ ልጅቱ ማንን «ኦፓ» እንደምትል መጠየቅ የአባት ፈንታ ነው።

ከቋንቋው ቀጥሎ ገበታው አለ። ኮሪያውያን ለታላቅ ሰው ዕቃ ሲያቀብሉ በሁለት እጅ ነው፤ ወይም በቀኝ እጃቸው እየሰጡ ግራ እጃቸውን ከቀኝ ክንዳቸው ሥር ያደርጋሉ። ይህን ያየ የእኛ ሀገር ሕፃን ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ጽዋ ሲያቀብል እናቱ ያስተማረችው ነውና። ሰው ሲገናኙ «ደህና ነህ?» እንደ ማለት «በላህ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ የጦርነትና የረኃብ ዘመን ያለፈበት ሕዝብ ሰላምታ ነው። ጎመን መሰሉን አትክልት በጨውና በቃሪያ አብላልተው ኪምቺ የሚሉትን ለክረምት ሲያዘጋጁ ጎረቤት ሁሉ ተጠራርቶ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሠፈራችንን ሰው የሚያስደስተው ግን ሥጋውንና ሩዙን በሰላጣ ቅጠል ጠቅልለው እርስ በርሳቸው ሲጎራረሱ ነው። ጉርሻ በዓለም ላይ የእኛ ብቻ ይመስለው የነበረ ሁሉ በዚህ ጊዜ እልል ይላል። (በዐቢይ ጾም ሥጋ በፍም ላይ ሲንጫጫ ሩብ ሰዓት ሙሉ ማሳየታቸው ግን ለጿሚ ልጅ ጥሩ አይደለም፤ እኛም በሁዳዴ እንዲህ ያለውን ክፍል ለፋሲካ ማሳደር ይሻላል ብለን በቤታችን ወስነናል።)

ካየናቸው ሁሉ አብልጠን የምንወደው «ዴ ጃንግ ጉም»ን ነው። ጃንግ ጉም በኮሪያ ነገሥታት ዜና መዋዕል ስሟ የተጻፈ፥ ከአምስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት የነበረች የንጉሥ ሐኪም ናት፤ ድራማው ግን ስለ እርሷ ከተጻፈው ጥቂት ነገር ተነሥቶ የቀረውን በምናብ የሞላ ነው። እናትና አባቷን ያጣች ሕፃን ወደ ቤተ መንግሥት ወጥ ቤት ትገባለች። የምታስተምራት እመቤት ሃን የመጀመሪያ ትምህርት አድርጋ የምትሰጣት ትእዛዝ «የሚጠጣ ውኃ አምጪልኝ» የሚል ብቻ ነው። ልጅቱ ታመጣለች፤ እመቤቲቱም ትመልሳታለች። በማግሥቱም እንዲሁ ይሆናል። ሙቅ ታመጣለች፥ ቀዝቃዛ ታመጣለች፤ ሁሉም ይመለሳል። ልጅቱ ብዙ ከተጨነቀች በኋላ አንድ ቀን ውኃውን ከመቅዳቷ በፊት ትጠይቃለች፤ ሆድዎን ያምዎታልን? ጉሮሮዎንስ? በዚያን ጊዜ መምህርቷ ደስ ይላታል። ውኃም እንኳ ቢሆን የሚጠጣውን ሰው ሁኔታ ሳይጠይቁ የሚቀዳ አይደለም ማለቷ ነው። እኛ በመምህርነት ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ ቈይተናል፤ በመምህራን ማሠልጠኛም ስለ ተማሪ ጠባይ ብዙ መጽሐፍ አንብበናል። ሆኖም ማስተማር ምን እንደ ሆነ በአንድ ጣሳ ውኃ እንዲህ ሲገለጥ አላየንም። ልጆቻችንም ከዚያ ቀን ወዲህ ሻይ ሲያቀርቡ «ስኳር ላብዛ ወይስ ላሳንስ?» ብለው መጠየቅ ጀምረዋል። በቤታችን ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም።

የጠላነውን ደግሞ እንናገር። ብዙዎቹ ታሪኮች የሀብታም ልጅና የድኻ ልጃገረድ ፍቅር ናቸው፤ ሀብታሙ ሁልጊዜ መልከ መልካም ነው፤ ድኻዪቱም በመጨረሻ ትከብራለች። መኪና የገጨው ሰው ሁሉ ያለፈ ሕይወቱን ይረሳል፤ የተረሳው ሰው በድንገት በባቡር ጣቢያ ይገኛል፤ ወንድምና እኅት ናቸው የተባሉት አይደሉም፤ አይደሉም የተባሉት ናቸው። ሶጁ የሚባለው አረቄያቸው ከገበታ አይጠፋም፤ ሰክሮ መሸከም እንደ ቀልድ ይታያል። በ2009 ዓ.ም. የታየው «ጎብሊን» የተባለው ድራማ ደግሞ ሰው ሞቶ በሌላ ሰውነት ተመልሶ ይወለዳል የሚል እምነት የተሸከመ ነው። ይህ የቡድሃ ሃይማኖት ትምህርት እንጂ የእኛ አለመሆኑን ወላጅ ለልጁ በጥቂት ቃል ሊያስረዳው ይገባል፤ ቴሌቪዥኑን ከማጥፋት ማስረዳቱ ይበልጣል። ስለ ሌሊቱ ግን ድርድር የለንም። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ የሚተኛ ልጅ በበዛ ቍጥር፥ ድራማው የቱንም ያህል ቢያምር፥ ትምህርቱ ይጎዳል።

አሁን ወደ ሌላው ነገር እንሻገር፤ በውስጣችን ሲመላለስ የቈየው ይህ ነውና። ከጥቂት ዓመታት በፊት ያረፉ አንድ ሽማግሌ በካዛንቺስ ይኖሩ ነበር። ቀድሞ የክብር ዘበኛ ወታደር የነበሩ፥ ሚያዝያ 27 ቀን በየዓመቱ ኒሻናቸውን ደርድረው የሚወጡ ሰው ናቸው። በዚያው ግቢ የምትኖር ተማሪያችን የሴኡልን መንደሮች በስም እየጠራች ትቈጥር ነበር፤ የሀን ወንዝ ከተማዪቱን እንዴት እንደሚከፍላት በሰሌዳ ላይ ሥላ አሳይታናለች። የጎረቤቷ ሽማግሌ ግን ከእርሷ ሰባ ዓመት ቀድመው ያንን ወንዝ በእግራቸው ያዩት እንደ ሆነ አታውቅም ነበር። በነገርናት ጊዜ ብዙ ዝም ብላ ቈየችና «ጋሼ፥ እርሳቸው እኮ አንድም ቀን አልነገሩንም፤» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኮሪያ ጦርነት በሰኔ 1942 ዓ.ም. በተነሣ ጊዜ ኢትዮጵያ ለተባበሩት መንግሥታት ጥሪ ምላሽ ሰጠች፤ በኢጣሊያ ወረራ ጊዜ ዓለም ሲተዋት ምን እንደሚመስል ታውቀው ነበርና። ከራስ መኮንን የፈረስ ስም ከአባ ቃኘው የተሰየመው የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. በጅቡቲ በኩል በመርከብ ሄደ። በጦርነቱ ዘመንና ከተኩስ ማቆሙ በኋላ በየተራ የሄዱት በጠቅላላው ከ6 ሺህ በላይ ናቸው። ከ120 በላይ የሚሆኑት ሞቱ፤ ከ500 በላይ ቈሰሉ፤ አንድም ሰው አልተማረከም። በዶንግዱቾን ከተማም ወታደሮቹ ከደመወዛቸው እያዋጡ ጦርነቱ ወላጆቻቸውን የነጠቃቸውን ሕፃናት ሰብስበው ያሳደጉበት ቤት ነበራቸው። በኮሪያ ድራማ ውስጥ አባትና እናት የሌለው ልጅ ለምን እንዲህ እንደሚበዛ ስናስብ ያ ቤት ትዝ ይለናል።

ሻለቃዎቹ ከተዋጉባቸው አካባቢዎች አንዱ የቹንቾን ዙሪያ ነው። በ1960 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኮሪያን በጎበኙ ጊዜ በዚያች ከተማ የኢትዮጵያ ወታደሮች መታሰቢያ ሐውልት ተመረቀ፤ በሐውልቱም አጠገብ ጥቂት ቈይቶ «ኢትዮጵያ ቤት» የተባለ ቡና ቤት ተከፈተ። ዛሬም ቡና ይጠጣበታል። በ1996 ዓ.ም. ቹንቾንና አዲስ አበባ እኅትማማች ከተሞች ሆኑ፤ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ጣራው የእኛን ጎጆ የሚመስል የመታሰቢያ አዳራሽ በዚያው ተሠራ። እንግዲህ አንባቢዎቻችን ልብ ይበሉ፤ ጃፓንን ያስለቀሰው «የክረምት ሶናታ» የሚጀምረው በዚችው በቹንቾን ነው። የታሪኩ ወጣት ወደ ቹንቾን የመጣው የማያውቀውን አባቱን ፍለጋ ነው። ድራማው ከታየ በኋላ የጃፓን ሴቶች በአውቶቡስ እየተጫኑ ወጣቶቹ የተራመዱበትን የናሚ ደሴት የዛፍ መንገድ ለማየት ጎረፉ፤ ከኢትዮጵያውያኑ ሐውልት ያ ደሴት ብዙ አይርቅም። የእኛም ልጆች ያንን የዛፍ መንገድ በስልካቸው አይተውታል።

ሽማግሌው ለምን አልተናገሩም? በደርግ ዘመን ወዳጅነቱ ከሰሜን ኮሪያ ጋራ ነበር። በቸርችል ጎዳና የቆመው፥ በ1977 ዓ.ም. የተመረቀው የትግላችን ሐውልት በሰሜን ኮሪያ እርዳታ የተሠራ ነው። ለደቡቡ የተዋጋ ወታደር፥ ያውም የንጉሠ ነገሥቱ ክብር ዘበኛ፥ በዚያ ወራት ኒሻኑን ሣጥን ውስጥ ከትቶ ዝም ማለት ነበረበት። ዝምታውም ልማድ ሆኖ ቀረ። የሴኡል ኦሊምፒክ በመስከረም 1981 ዓ.ም. በተደረገ ጊዜ ኢትዮጵያ ለሰሜን ኮሪያ አጋርነቷን ለማሳየት አልተካፈለችም፤ ሯጮቻችንም ቤታቸው ዋሉ።

ያ ኦሊምፒክ በአንድ ድራማ ውስጥ አለ። በ2008 ዓ.ም. በኮሪያ የታየው «መልስ ስጠኝ 1988» በፈረንጅ አቆጣጠር በዚያው በኦሊምፒኩ ዓመት በሴኡል ሳንግሙን ዶንግ በሚባል መንደር፥ በአንድ ጠባብ መንገድ ዳርና ዳር የሚኖሩ አምስት ቤተ ሰቦችን ይተርካል። ዶክ ሰን የምትባለው ልጅ በኦሊምፒኩ መክፈቻ የማዳጋስካርን ስም የተጻፈበትን ሰሌዳ ይዛ እንድትሄድ ተመርጣ ስትለማመድ ትከርማለች፤ ማዳጋስካርም እንደ እኛ ቀረች፤ ልጅቱም አለቀሰች፤ በመጨረሻ የኡጋንዳን ያዘች። ነገሩ ሳቅ ቢሆንም ኢትዮጵያ ዳር ያልሆነችበት ሳቅ ነው። በዚሁ ድራማ በመጀመሪያው ክፍል እናቶቹ እራት ሲሠሩ እያንዳንዷ ከሠራችው ጨልፋ ልጇን ወደ ጎረቤት ትልካለች፤ የዚያኛዋም እናት ሳህኑን ባዶ አትመልስም፤ ልጆቹ ሳህን እንደ ያዙ በመንገዱ ላይ ሲተላለፉ ያመሻሉ። አንድ አባትም አለ፤ ለወዳጁ ዋስ ሆኖ ዕዳ የገባ የባንክ ሠራተኛ። የመካከለኛዋን ልጁን ልደት ከታላቋ ጋራ በአንድ ኬክ እያከበሩ ስላስከፏት፥ በመንገድ ላይ ብቻዋን አግኝቷት ይቅርታ ይጠይቃታል፤ አባትነትን ገና እየተማረው እንደ ሆነ ይነግራታል። ይህን ክፍል በቤታችን ስናይ ማንም አልተናገረም። ከእኛ ዘመን አባቶች ልጁን ይቅርታ የጠየቀ ስንት እንደ ሆነ እያንዳንዳችን በልባችን እንቈጥር ነበር መሰለን።

የድራማው መጨረሻ የካዛንቺስን ሰው በተለይ የነካበት ምክንያት አለ። ቤተ ሰቦቹ አንድ በአንድ ይለቃሉ፤ መንደሩ ለአዲስ ግንባታ ይፈርሳል፤ ያ ሳህን ይመላለስበት የነበረው መንገድ ባዶ ሆኖ ይታያል። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በወረራው ዘመን ለኢጣሊያ መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከሚባል ድርጅት ነው። «ካዛ» ቤት ማለት ነው፤ የሀገራችን ሰው ሁለቱን ቃል አጋጥሞ አንድ አደረገው። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ሰማንያ ዓመታት ግድግዳው እየተያያዘ፥ ግቢው እየተከፋፈለ፥ የአንዱ ወጥ ሽታ በሌላው መስኮት የሚገባበት ሠፈር ሆነ። በ2017 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲደርስበት አብዛኛው ፈረሰ፤ ብዙ ነዋሪም ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች መንደሮች ተዛወረ። የተሻለ ቤት፥ የራሱ ውኃና መጸዳጃ ያገኘ አለ፤ ይህን መካድ አይገባም። የድሮውን ግቢ መጸዳጃ ያየ ሰው በናፍቆት ብቻ አይናገርም። ነገር ግን ጎረቤት ከጎረቤት በዕጣ ተለያየ፤ ዕድሩም ተበታተነ።

ቴሌቪዥን ወደ ኮሪያ የገባው በ1948 ዓ.ም. ነው፤ የመንግሥቱም የቴሌቪዥን ጣቢያ የተከፈተው በ1954 ነው። የእኛው በጥቅምት 1957 ተመረቀ። በዕድሜ ብዙ አንራራቅም። «ገመና»ና «ሰው ለሰው» በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በታዩባቸው ዓመታት የሀገር ልጅ ድራማ ቤተ ሰብን ሁሉ በአንድ ሰዓት አንድ ቦታ ሰብስቦ ማስቀመጥ እንደሚችል ታይቷል። ስለዚህ የሳንግሙን ዶንግን ሳህን እያየን ስናለቅስ፥ የካዛንቺስን ሳህን ማን እንደሚጽፈው መጠየቅ ያለብን ይመስለናል። የኮሪያ ደራሲዎች የፈረሰውን መንደር የጻፉት የገበታውን ዕቃ ሁሉ በስሙ የሚያስታውስ ሰው ገና በሕይወት ሳለ ነው።

ባለፈው የትምህርት ዘመን በሁለተኛው መንፈቅ ለተማሪዎቻችን የድርሰት ሥራ ሰጠን። ርእሱ «ከግቢያችን በር እስከ ጎረቤታችን በር» የሚል ነበር። አንዳንዱ ከኮሪያ ድራማ ቀድቶ በረዶ አዘነበበት፤ ይህን መለስንለት። አንዱ የአያቱን ሰርከኛ የቡና ጥሪ፥ ማን ቀድሞ እንደሚመጣና ማን ስኒ ይዞ እንደሚመጣ ቈጥሮ ጻፈ። አንዲት ልጅ ደግሞ ገጹን ሁሉ የጨረሰችው ስለ አንድ የቻይና ሸክላ ሳህን ነው። ጠርዙ ሰማያዊ ነው፤ በአንድ በኩል ተሸርፏል። ለመስቀል ቂጣ ተደርጎበት ከጎረቤት የመጣ ነው። እናቷ ባዶውን መመለስ ነውር ነው ብለው ዳቦ እስኪደፉ ድረስ በቁም ሣጥን ላይ አስቀመጡት፤ በዚያው ሳምንት የመልቀቂያው ቀን ደረሰ። ሳህኑ ዛሬ ገላን ጉራ ነው። የሳህኑ ባለቤት እትዬ ወዴት እንደ ተዛወሩ እስካሁን አላወቁም።